ቃሬዛ በአንድ ሰው አይነሳም

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከዚሁ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። ረጅም ነበር። ጸሐፊዋን የሚያሳውቁትን ነገሮች አውጥቼ አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? 31 ዓመቴ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። እናቴን አምና ጥቅምት ላይ ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ አይሠራም፣ ንግግሯም አይገባም። ቀን ሥራ ስሄድ የጎረቤት ልጅ ታይልኛለች። ከዚያ ውጪ የማነሳት፣ ገላዋን የማጥበው፣ የማጎርሳት እኔ ብቻ ነኝ። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፣ ብር ይልካል። እህቴ ቤሩት ናት፤ በኢሞ ትደውልና ‹አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ፣ እኔ ብሆን አልችለውም› ትለኛለች። ጎረቤቶቼም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በር ላይ ቆመው ‹አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ከአቅም በላይ አይሰጥም› ብለውኝ ያልፋሉ።

እኔ ግን አልቻልኩም። ቀን ተማሪዎቼ ላይ እጮኻለሁ። ማታ ዳዊት ስከፍት እንቅልፍ ይጥለኛል። ድሮ ለፍልሰታ ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሱባኤ እገባ ነበር። ዘንድሮ ደጇንም አልረገጥኩም። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝን ደግሞ ልንገርዎት። ነሐሴ ውስጥ አንድ ሌሊት አንሶላዋን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። በሦስተኛው ‹ምነው በወሰደሽና ባረፍኩት!› አልኳት። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አፍራለሁ። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። መጽሐፉ ‹ጸጋዬ ይበቃሃል፥ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና› ይላል። ይኸው እኔ ደክሜያለሁ። ኃይሉ የታለ? ለእኔ ለምን አልበቃኝም? እምነት የለኝም ማለት ነው?

የደከማት ልጅ»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ሐይቁ ዳር ወጥቼ ነው፤ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ መጨረስ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ስለዚያች ሌሊት እናውራ። ሌላው ይደርሳል። ይሄ ሳይወጣ የምነግርሽ ነገር ሁሉ ጆሮሽ አይገባም።

እኔም እንዲህ ያለች ሌሊት አለችኝ። አባቴ ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ነበር፤ ያስታመምኩት እኔ ነኝ። በክረምት አንድ ሌሊት «ውሃ» እያለ ጠራኝ። አንዴ ተነሳሁ፣ ሁለቴ ተነሳሁ፣ አራት ጊዜ ተነሳሁ። በአምስተኛው ድምፁን ሰማሁት፤ ብርድ ልብሱን ጆሮዬ ላይ ስቤ ዝም አልኩ። አልተኛሁም እኮ፣ እየሰማሁት ነው ዝም ያልኩት። ጠዋት ስገባ ከንፈሩ ደርቋል። አየኝና «ደክሞሽ ነው» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለወራት ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ቤት ሲመጣ «ልጅ ማለት እንዲህ ነው፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ» ሲለኝ ውስጤ ይቃጠላል። የሚያመሰግኑኝ ያቺን ሌሊት ስላላወቁ ነው እያልኩ ከሰው ራቅሁ፣ ከቅዳሴም ቀረሁ። መጨረሻ ላይ ለንስሐ አባቴ እያለቀስኩ ተናገርኩ። ስግደትና ጾም ይሰጡኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን መጀመሪያ የጠየቁኝ «ሌሊት የሚያግዝሽ ሰው አለ?» ብለው ነው። የለም አልኳቸው። ስግደቱን ሰጡኝ፤ ቀጥለው «ሁለተኛው ቀኖናሽ ይሄ ነው፦ በሳምንት ሁለት ሌሊት ሌላ ሰው እንዲያድርልሽ ትለምኛለሽ» አሉኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከስግደቱ ይልቅ የከበደኝ እሱ ነበር። መቶ ጊዜ መስገድ እችላለሁ። የሰው በር አንኳኩቶ «አልቻልኩም» ማለት ግን አንገት ያስደፋል።

ስለዚህ ያልሽው ቃል ከባድ ነው፣ ላቀልልሽ አልፈልግም። አንቺም እንዲቀልልሽ ብለሽ አልጻፍሽልኝም። ግን የሚነገርበት ቦታ አለው። ዛሬ ማታ እናትሽ አጠገብ ፊቷ ትይዩ ዝቅ በይ። የሚሠራውን ግራ እጇን ያዢ። «እማ፣ ያን ሌሊት ክፉ ተናገርኩሽ፣ ይቅር በዪኝ» በያት። ስትሮክ ንግግርን ቢወስድም ብዙ ጊዜ መስማትና መረዳት ይቀራል፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችውም ስለገባት ነው። ቶሎ አትነሺ፤ እጅሽን ትጨብጠው እንደሆነ ጠብቂ። ብታለቅስ አትደንግጪ። ስትሮክ የመታው ሰው ለቅሶውም፣ ሳቁም፣ ቁጣውም ከወትሮው በላይ ቶሎ ይመጣበታል። አንዳንዴ የምትቆጣሽ የሚመስልሽም ከልቧ ሳይሆን ከሕመሙ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ለንስሐ አባትሽ ደውዪ። መሄድ ካፈርሽ ቤት ይምጡ። የታመመ ሰው ቤት መምጣት የአባቶች ሥራ ነው፤ ለእናትሽም ጸሎት አድርሰው፣ ጸበል ረጭተው ይሄዳሉ። አንቺም በዚያው ትናገሪያለሽ።

አሁን ወደ ጥቅሱ።

«ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚለው 2ኛ ቆሮንቶስ 12 ቁጥር 9 ላይ ነው። ይሄ ጥቅስ ባጃጅ መስታወት ላይ ተለጥፎ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስላየነው ብቻውን የተጻፈ ይመስለናል። ግን ከደብዳቤ ውስጥ የወጣ አንድ መስመር ነው። ደብዳቤው ደግሞ 13 ምዕራፍ አለው፤ ሙሉውን ያነበበ ሰው ለአንቺ «ጠንካራ ነሽ» ብሎ አይሄድም።

መጀመሪያው ላይ፣ ምዕራፍ 1 ቁጥር 8ን ተመልከቺ። ጳውሎስ በእስያ የደረሰበትን መከራ ሲያወራ ከአቅማችን በላይ ከበደን፣ ስለ ሕይወታችን እንኳ ተስፋ እስክንቆርጥ ድረስ ይላል። ከአቅም በላይ! ይሄን የሚለው ሐዋርያው ነው። ታዲያ ጎረቤቶችሽ በር ላይ የሚሉት ከየት መጣ? ከ1ኛ ቆሮንቶስ 10 ቁጥር 13 የተቆረሰ ነው። እዚያ የሚናገረው ስለ ፈተና ነው። እግዚአብሔር ከሚቻላችሁ በላይ እንድትፈተኑ አይፈቅድም ካለ በኋላ ግን አላቆመም፤ ትታገሡ ዘንድ እንድትችሉ ከፈተናው ጋር የመውጫውን መንገድ ያደርግላችኋል ይላል። ሰዎቹ መውጫውን ትተው የፊተኛውን ብቻ ይዘው መጡ። በዚያ ላይ ራሳቸው የመውጫው መንገድ ሊሆኑ የሚችሉ ሰዎች ናቸው፤ በር ላይ ቆመው ነበርና። ክፋት አለባቸው አልልም። የሚናገሩት የሚያጽናና ነገር መስሏቸው ነው። ግን እንዲህ ያለ ቃል የደከመ ሰው ላይ ሲወድቅ «ካልቻልሽ ጥፋቱ ያንቺ ነው» ይሆናል። አንቺም የሰማሽው እንደዚያ ነው፣ «እምነት የለኝም ማለት ነው?» ብለሽ የጠየቅሽው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ምዕራፍ 7ን ክፈቺ። ቁጥር 5 ላይ መቄዶንያ ሲደርሱ ሥጋቸው ዕረፍት አላገኘም፤ ውጪው ጠብ፣ ውስጡ ፍርሃት ነበር። ቁጥር 6 ላይ ደግሞ የተጨነቁትን የሚያጽናና እግዚአብሔር በቲቶ መምጣት አጽናናን ይላል። እዚህ ጋ ቆም በይ። ጳውሎስ ራእይ ያየ ሰው ነው፤ እስከ ሦስተኛው ሰማይ የተነጠቀ ሰው እንደሚያውቅ በዚሁ ደብዳቤ ይናገራል። ሆኖም በጭንቀቱ ቀን የተላከለት መጽናኛ በእግሩ እየተራመደ የመጣ ጓደኛው ነው። ቲቶ በር ገባ። ይኸው ነው። «ኃይሉ የታለ?» ብለሽኛል፤ ለጳውሎስ አንድ ቀን በቲቶ እግር መጣ።

ከዚያ በኋላ ነው ምዕራፍ 12 የሚመጣው። የሥጋ መውጊያ ነበረበት። ምን እንደሆነ አልነገረንም። ይወገድልኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ለመነ። አልተወገደም። የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው። ይበቃሃል እንጂ ይተርፍሃል አላለውም። እኔ አባቴን ሳስታምም የፈለግሁት የሚተርፍ ነበር። የሳምንቱ ኃይል ሰኞ ጠዋት ተቆጥሮ እንዲሰጠኝ፣ እንዳልፈራ። መና ግን እንዲህ አልነበረም። እስራኤል በምድረ በዳ የየቀኑን ይለቅሙ ነበር፤ ለነገ ብለው ያሳደሩት ተላ፣ ሸተተ። ለሰንበት ብቻ ነበር የሁለት ቀን የሚለቀመው። ማታ ተኝተሽ «የዛሬ ዓመትም እንዲህ ሆኜ ነው?» ብለሽ ስታስቢ የምትፈልጊው የዛሬ ዓመቱን መና ነው። እሱ ገና አልወረደም። ስላልወረደ ደግሞ የለም ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በሦስተኛው ጊዜ አንሶላውን ቀይረሻል አይደል? ደብዳቤሽ ላይ ቀየርኩ ነው ያልሽው። እየተቆጣሽ፣ እያለቀስሽ፣ ክፉ ቃል ከአፍሽ እየወጣ፣ እጅሽ ግን እናትሽን ከእርጥቡ አውጥቶ ደረቅ ላይ አስተኛት። ኃይል ሲሰጠን ደረት የሚሞላ፣ ሞቅ የሚል፣ እንደ ጥምቀት ዋዜማ ከበሮ የሚያስነሳ ነገር እንጠብቃለን። ብዙውን ጊዜ አይሰማም። ሥራው ተሠርቶ ነው የሚገኘው። አንቺ ስትወድቂ ያልወደቀ ነገር እጅሽ ላይ ነበር።

ይሄን ያልኩሽ ግን «እንግዲያው ቀጥዪ» ለማለት አይደለም። እንዲህ ከቀጠልሽ ሁለት በሽተኛ ይሆናል።

የአባቴን ነገር ልጨርስልሽ። መጀመሪያ ሲታመም የነበረው ዘጌ ነው፣ ቡናው ውስጥ። እስከ ጀልባው ድረስ ያመጡት በቃሬዛ ነው። በከተማ ያደግሽ ከሆነ ላታይው ትችያለሽ። ሁለት ወጋግራ እንጨት፣ መሐሉ በገመድ የተሸመነ፣ ላዩ ላይ ጋቢ ተነጥፎ ሕመምተኛው ይተኛበታል፣ አራት ሰው በትከሻው ያነሳዋል። የሚሄደው ግን አራት ሰው ብቻ አይደለም። ሌላ ስምንትና አሥር ሰው ባዶ እጁን ጎን ለጎን ይሄዳል። ጥቂት እንደሄዱ አንዱ «ተቀበለኝ» ይላል። ወዲያው ሌላው ትከሻውን ያስገባል። ቃሬዛው መሬት አይነካም፣ ሕመምተኛውም መቀያየራቸውን ሳያውቅ ይደርሳል። በዚያ መንገድ ሁሉ «ተቀበለኝ» ያለውን ሰው ሰነፍ ያለው አልነበረም። እንዲያውም የሚቆጡት ዝም ብሎ በሚንገዳገደው ላይ ነው፤ እሱ ከወደቀ በሽተኛውም ይወድቃልና።

አንቺ ቃሬዛውን ለብቻሽ ይዘሽዋል። ቃሬዛ ደግሞ በአንድ ሰው አይነሳም፤ በአንድ ሰው የሚሆነው መጎተት ነው።

ማርቆስ ምዕራፍ 2 ላይ ያለውን ሽባ ታውቂዋለሽ፣ ቅፍርናሆም። አራት ሰዎች ተሸክመው አመጡት። ከሕዝቡ ብዛት መግባት ሲያቅታቸው ጣራውን ነድለው ከነአልጋው አወረዱት። ጌታም «እምነታቸውን አይቶ» ነው የሚለው። የተሸካሚዎቹን። ሽባው እዚያ ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል ሲናገር አልተጻፈም። የማመን አቅም ይኑረው አይኑረው አናውቅም፤ ያን ቀን የሌሎች እምነት አደረሰው። ስለዚህ ዳዊት ስትከፍቺ እንቅልፍ ከጣለሽ፣ ለጊዜው ሌላ ሰው ይድገምልሽ። እምነትሽ አልጠፋም፤ ተሸካሚ ነው ያጣው።

ጌታችን ራሱ ወደ ጎልጎታ ሲሄድ መስቀሉን የቀሬናው ስምዖን ተሸክሞለታል። በጌቴሴማኒም ደቀ መዛሙርቱን ከእኔ ጋር ትጉ ብሎ ለምኗቸዋል። እሱ «አብራችሁኝ ሁኑ» ካለ፣ እኔና አንቺ ለማለት ለምን እናፍራለን?

እንግዲህ የምትለምኝበትን እንነጋገር። እህትሽ ስትደውል «ጠንካራ ነሽ» ካለችሽ «አይደለሁም፣ አልቻልኩም» በያት። ለማስደንገጥ ሳይሆን እውነት ስለሆነ። «ጠንካራ ነሽ» የሚል ሰው ሊያመሰግንሽ ቢፈልግም በሩን እላይሽ ላይ ይዘጋል፤ ጠንካራን ማን ያግዛል? ለወንድምሽ ደግሞ በግልጽ ንገሪው። ብር መላኩ ትልቅ ነገር ነው፣ አመስግኚው። ግን ወይ በሳምንት ሁለት ሌሊት የምታድር ሴት የሚቀጠርበት ጨምሮ ይላክ፣ ወይ በየሁለት ወሩ አንድ ሳምንት መጥቶ እሱ ይደር። ወንድ ልጅ እናቱን አያጥብም የሚል ወሬ ካመጣ፣ የወለደችው እሷ ናት በዪው።

ይሄን ስልሽ ከመሬት ተነስቼ አይደለም። ሐኪሞች እንዲህ የተኛ ሰው የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት በየ2 ሰዓቱ መገላበጥ አለበት ይላሉ። ቀን ክፍል ውስጥ ቆማ የምታስተምር ሴት ሌሊት በየ2 ሰዓቱ እየተነሳች ስንት ወር ትዘልቃለች? አስቢው። ሥራው ከመጀመሪያውም የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። አንቺ ስላነስሽ ሳይሆን ሸክሙ የብዙ ሰው ስለሆነ ነው ያቃተሽ። ለተማሪዎችሽ የምታስተምሪው ነው፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

እስከዚያው የሚያቀልልሽን ልንገርሽ። አንድ አንሶላ ለሁለት አጥፈሽ ከትከሻዋ እስከ ጭኗ ድረስ አግድም ከሥሯ አንጥፊ፣ ከሱ ሥር ላስቲክ አድርጊ። ስታገላብጫት እሷን በእጅሽ አትሳቢ፣ አንሶላውን ነው የምትስቢው። ሲረጥብም ያን ብቻ ትቀይሪያለሽ። ወገብሽ ያርፋል። ስታጎርሻት ቀና አድርገሽ አስቀምጫት፣ ተኝታ አትብላ፣ ትን ሊላት ይችላል። ሌሊት ሦስት ጊዜ መርጠቡ ደግሞ በቅርብ የመጣ ነገር ከሆነ ወይም ሽንቷ ከተለወጠ ሐኪም ይየው፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ያ ይታከማል። የሰፈራችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ቤት እንድትመጣ ጠይቂ። ፊዚዮቴራፒ ካልጀመረች አሁንም ዘገየ አትበዪ፣ ሐኪሟን ጠይቂ።

አንቺም ታይ። እንቅልፍሽ፣ ምግብሽ፣ ቁጣሽ እንዲህ ሆኖ ከቆየ፣ በተለይ ደግሞ «ምነው እኔን በወሰደኝ» የሚል ሐሳብ መምጣት ከጀመረ፣ አንድ ቀን ሳታሳድሪ ለምታምኚው ሰው ተናገሪ፣ ጤና ጣቢያም ሂጂ። ይሄን እምነት ማነስ የሚል ቢኖር ኤልያስን አስታውሺው። በክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን የለመነው ነቢይ ነበር። መልአኩ መጀመሪያ አልገሠጸውም። አበላው፣ አጠጣው፣ እንደገና ተኛ፣ እንደገና ቀስቅሶ አበላው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። ዳቦና እንቅልፍ ከሰማይ ተልኮ መጣ። ስለዚህ እራትሽን ቆመሽ አትብዪ።

ጎረቤቶችሽ እሑድ በር ላይ ሲቆሙ ግቡ በያቸው። ከገቡም በኋላ «እትዬ፣ ልብሴን እስካጥብ አጠገቧ ቁጭ ይበሉልኝ» በያቸው። ለይተሽ፣ ሰዓቱን ቆርጠሽ ለምኝ። «የሚያስፈልግሽ ካለ ንገሪን» የሚል ሰው ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ ነው። እኛ ሀገር ሰው ሲሞት ድንኳን ተክለን፣ እንጀራ ጋግረን፣ ሌሊቱን ሙሉ አብረን እናድራለን፤ ሲታመም ግን ብርቱካን ይዘን ሩብ ሰዓት ቆይተን እንወጣለን። ይሄ ያሳዝነኛል። የእድርና የጽዋ ማኅበር ሰዎች ይሄን የምታነቡ ከሆነ፣ ከምታዋጡት ላይ ለአስታማሚ አንድ ሌሊት ብታስቡ ምን አለበት? ለቅሶው ላይ ከሚያድረው መቶ ሰው አንዱ ዛሬ ሽምብጥ ቢያድር እኮ ይህች ልጅ ተኝታ ታድራለች።

ስለ ጸሎት ትንሽ ልበልሽ። አሁን ረጅሙን አትሞክሪ። ጴጥሮስ ባሕር ላይ መስጠም ሲጀምር የጸለየው ሦስት ቃል ነው፦ «ጌታ ሆይ፥ አድነኝ።» ወዲያው እጁ ተያዘ። አንሶላ ስትቀይሪ ይህችን በዪ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስትቆሚም ይህችን በዪ። ዳዊት መድገም ካማረሽ ለእናትሽ ድምፅሽን አውጥተሽ 70ኛውን አንብቢላት፤ «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ፥ ጉልበቴም ባለቀ ጊዜ አትተወኝ» የሚለው አለበት። እሷ ልትለው የማትችለው ጸሎቷ ነው። ከመሐሉ እንቅልፍ ቢወስድሽ ይውሰድሽ።

ዘጌን በተመለከተ «ገዳምሽ የእናትሽ ክፍል ነው» የሚሉሽ ይኖራሉ። እውነትነት አለው፣ ግን እኔ ለደከመ ሰው አልለውም፤ መውጫ የሌለው ያስመስለዋል። ኪዳነ ምሕረት አልሸሸችም። ጀልባው ከዚህ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የሚያድር ሰው ስታገኚ አንድ ቅዳሜ ሂጂ፣ ተሳልመሽ ማታ ትመለሻለሽ።

ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ደብዳቤሽን ሳነብ አጠገቤ አንድ የደንገል ታንኳ ድንጋይ ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር፣ ውሃው እየተንጠባጠበ። ባለቤቱ ጥላ ሥር ተጋድሞ ነበር። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ከውሃ ወጥቶ ካልደረቀ እየከበደ ይሄድና ይሰምጣል። ስለዚህ ሰውዬው ሥራውን ሲጨርስ ያወጣዋል፣ ያቆመዋል፣ ፀሐይ ይመታዋል። ማገዶ ጭኖ ሐይቁን የሚያቋርጠው ያው ታንኳ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ በሐይቁ በኩል ዙሪ። ግማሽ ሰዓት ቁጭ በይ፤ የጎረቤትሽን ልጅ ግማሽ ሰዓት እንድትጨምርልሽ አስፈቅጂ። ስልክሽን ዝጊው።

ማታ ግን ክፈቺውና መጀመሪያ ለወንድምሽ ደውዪ። ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።